የአማርኛ ኢሜይላችሁ ሳጥን ሆኖ እንዳይደርስ፦ ስለ ፎንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ሥራ እሠራለሁ። ተማሪው የምርምር መጠይቁን፣ ነጋዴው የቡና ዋጋ ማሳወቂያውን፣ ሙሽራው የሰርግ ጥሪውን ይዞ ይመጣል። ሁሉም «በኢሜይል ላክልኝ» ይላል። በማግስቱ ደግሞ «እኔ ጋ ቆንጆ ነበር፣ እነሱ ጋ ግን ሳጥን ሳጥን ሆነ» ብሎ የሚመለስ አይጠፋም። ከዚህ በታች ያሉት እኔን በብዛት የሚጠይቁኝ ናቸው። መልሶቹን ለመረዳት የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ጋ በደንብ የሚታየው ጽሑፍ ተቀባዩ ጋ ለምን ይበላሻል?

ፎንቱ፣ ማለትም ፊደሎቹ የሚታዩበት የቅርጽ ስብስብ፣ ከኢሜይሉ ጋር አብሮ ስለማይሄድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኢሜይል ስትልኩ ሁለት ነገር ይጓዛል። አንደኛው የፊደሉ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። ሰንጠረዡ ውስጥ የገባው በ3.0 እትሙ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ሁለተኛው የፎንቱ ስም ነው፤ ስሙ ብቻ። የፊደሉ ቅርጽ፣ ውፍረቱ፣ ኩርባው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

ኢሜይሉ ሲደርስ የተቀባዩ መሣሪያ ያንን ስም ከራሱ ፎንቶች መካከል ይፈልጋል። ካገኘው በእሱ ያሳያል። ካጣው አማርኛ የሚችል ሌላ ፎንት ይፈልጋል። አንድም ከሌለው ባዶ ሳጥን ይስላል።

ወደ አጋሮ እንግዳ ልካችሁ «የጅማው ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀምጡልኝ» ብላችሁ መልእክት ሰደዳችሁ እንበል። በርጩማው ቤት ውስጥ ካለ እንግዳው ይቀመጥበታል። ከሌለ ባለቤቶቹ ያላቸውን ወንበር ያቀርባሉ። ምንም ከሌለ ቆሞ ይቀራል። በርጩማውን እናንተ አልላካችሁትም፤ የላካችሁት ስሙን ነው።

ስለዚህ ለኢሜይል ፎንት ስትመርጡ የምታስቡት የራሳችሁን ኮምፒውተር ሳይሆን ተቀባዩ ቤት ያለውን ነው።

አንዳንዴ ሳጥን፣ አንዳንዴ የጥያቄ ምልክት፣ አንዳንዴ የማይገባ ላቲን ይታያል። ችግሩ አንድ ነው?

አይደለም። አራት የተለያየ ችግር ነው፣ መፍትሔውም ይለያያል። የሆነውን ሳታውቁ ፎንት መጫን ጊዜ ከማባከን በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። የጎደለው ተቀባዩ ጋ ያለ የአማርኛ ፎንት ብቻ ነው። ያንኑ ኢሜይል በስልኩ ቢከፍተው ይነበባል። በሙያው ዓለም ይህን ሳጥን «ቶፉ» ይሉታል፤ የጉግል «ኖቶ» ፎንቶች ስምም «ቶፉ ይቅር» ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው።

የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ፣ ላይዋ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» (á) እየተመላለሰች ከታየች ችግሩ የፎንት አይደለም። ኢሜይሉ የተጻፈው «ዩቲኤፍ 8» በሚባለው ፊደልን ኮምፒውተር ውስጥ የማስቀመጫ አሠራር ሆኖ የተነበበው በሌላ ነው። በዚህ አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (ኮምፒውተር መረጃ የሚለካበት ትንሽ ክፍል) ይይዛል። አንባቢው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ምልክት ሲቆጥረው ባለሦስት ፊደሉ «ሰላም» ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። የሁሉም ፊደላችን የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ያቺ «ኤ» በየሦስቱ የምትመለሰው። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ተቀባዩ የኢሜይል ፕሮግራሙን «ኢንኮዲንግ» ወደ ዩቲኤፍ 8 ሲቀይረው ወደ ቦታው ይመለሳል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። በመንገድ ላይ አንድ ሥርዓት አማርኛውን መያዝ አቅቶት በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተክቷል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ፎንት አይመልሰውም። እንደገና መላክ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጠይቋ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ስለደረሰ ሁለት ቀን ሙሉ ፎንት ስትጭን ስታጠፋ ቆይታ ነው እኔ ጋ የመጣችው። ፎንቱ ምንም አልነበረበትም። መጠይቁን የበተነችበት ሥርዓት ነበር ፊደሉን የበላው። ጽሑፉን ከራሷ ኢሜይል በቀጥታ ስንልከው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መግባት ጀመረ።

አራተኛው ቀጥሎ ያለው ነው።

በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል አለኝ። ኮፒ አድርጌ ኢሜይል ላይ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና የሒሳብ ምልክት ይሆናል። ለምን?

ዩኒኮድ ስላልሆነ ነው። ድሮ ኮምፒውተር ለፊደላችን ቦታ አልነበረውም። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች መላ ዘየዱ። የላቲን ፊደሎች በሚቀመጡበት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ አስቀመጡ። ለኮምፒውተሩ የተጻፈው የላቲን ፊደል ነው፤ ለዓይን የሚታየው አማርኛ ነው። ፎንቱ ሲወልቅ ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል።

እነዚያ ፕሮግራሞች ለዓመታት መሥሪያ ቤቱንም ማተሚያ ቤቱንም ይዘው ኖረዋል፤ ላደረጉት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ለኢሜይል ግን አይሆኑም። ፓወር ግዕዝን የምትጠቀሙ ከሆነ አዲሶቹ እትሞች በዩኒኮድም ስለሚጽፉ መጀመሪያ የመረጣችሁት ፎንት ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ላኩት። ላቲን ከሆነ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። ከተቀየረ በኋላ ዓይናችሁን ጥላችሁ አንብቡት። ቀያሪዎቹ አንዳንድ ፊደል ላይ ይስታሉ፤ እኔ በተለይ «ሏ»፣ «ቷ»፣ «ኳ» የመሳሰሉትንና ሥርዓተ ነጥቡን ሳላይ አላልፍም።

እሺ፣ የትኛው ፎንት ነው የሚያስተማምነው?

ሁሉም ቦታ የሚገኝ አንድ የአማርኛ ፎንት የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ዊንዶውስ ላይ ለረጅም ጊዜ የምናውቀው ኒያላን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ ስሙም የደጋ አጋዘን ስም ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ግን ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፤ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። ብዙ ሰው «ኒያላ የሌለው ኮምፒውተር የለም» ብሎ ያምናል። ይህ ዛሬ ትክክል አይደለም። ኒያላን የሚፈልግ ከሴቲንግ ገብቶ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው የኢትዮፒክ ፎንቶችን መጨመር ይችላል።

ማክ ላይ ያለው ፎንት ከፋ ይባላል። አዎ፣ የጎረቤታችን የከፋ ስም። የቡና አገር ሰው ይህን ስም በአፕል ኮምፒውተር ውስጥ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኛል።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የኖቶ ቤተሰብ ነው። ጅማ ውስጥ ኢሜይል የሚከፈተው በአብዛኛው በስልክ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳስባችሁ ይህ ይሁን። ኖቶ በነፃ ይገኛል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይም ብትጭኑት ተቀባያችሁ በስልኩ የሚያየውን ነገር አስቀድማችሁ ታያላችሁ። አቢሲኒካም ነፃና በጥንቃቄ የተሠራ ፎንት ነው። ለመጽሐፍና ለደብዳቤ እወደዋለሁ፤ ተቀባዩ ካልጫነው ግን ኢሜይሉ ላይ አይታይም።

ሰርግ ጥሪ ላይ የምታዩዋቸው የቁም ጽሕፈት ዓይነት ጌጠኛ ፎንቶችን ለወረቀት አቆዩዋቸው።

ጂሜይል ላይ ጆርጂያ ወይም ቨርዳና ብመርጥ አማርኛዬ ይቀየራል?

አይቀየርም። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛ ፊደል የላቸውም። ኤሪያልም ታይምስ ኒው ሮማንም የላቸውም። የምትመርጡት ለላቲን ፊደሉና ለቁጥሩ ብቻ ነው፤ አማርኛውን መሣሪያው ከራሱ ይተካዋል። ስለዚህ ለአማርኛ ኢሜይል ምንም ሳትነኩ በመጀመሪያ የመጣላችሁን መተው ጥሩ ምርጫ ነው።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ኢሜይል ውስጥ እንጽፋለን። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ ያስቀይመናል። ምን እናድርግ?

ይህ ጅማ ውስጥ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቁቤው በላቲን፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱም እኩል ክብር ይገባቸዋል። አንዱ ኩስስ ብሎ ሌላው ሲገን አንባቢው ከጽሑፉ በፊት ይህንን ነው የሚያየው።

ኢሜይሉን ኮድ በሚያስገባ ፕሮግራም የምታዘጋጁ ከሆነ አንድ የፎንት ስም ብቻ አትስጡ። በቅደም ተከተል ደርድሩ። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ፊደል ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይፈልጋል። እኔ የምጠቀምበት ተራ ይህ ነው፦ ኤሪያል፣ ከዚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ከዚያ ኤብሪማ፣ ኒያላ፣ ከፋ፣ መጨረሻ ላይ ሳንስ ሰሪፍ። ኮዱ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል፣ ፎንቱ በሚጠራበት ስም ልክ ይጻፋሉ።

ኤሪያልን ፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ኤሪያል ቁቤውን ይወስዳል። አማርኛ ስለሌለው ፊደላችን ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ኒያላን ፊት ብታደርጉት ግን ኒያላ የራሱ ላቲን ስላለው ቁቤውንም ጠቅልሎ ይወስደዋል። ኒያላ ደግሞ በተፈጥሮው ደቀቅ ያለ ነው። በኒያላ 12 ሲጻፍ የሚታየው መጠን በኤብሪማ 12 ከሚታየው ያንሳል። «እኔ ጋ ትክክል ነበር፣ እሱ ጋ ገዘፈ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው የሚመጣው።

የቁቤውን ሁዳ ምልክትም (በፊደሎች መካከል ከላይ የምትገባውን ነጠላ ጭረት) እዩልኝ። አንዳንዱ ፕሮግራም ቀጥ ያለውን ሁዳ ወደ ጠመዝማዛው ይቀይረዋል። አንድ ኢሜይል ውስጥ ግማሹ ቀጥ፣ ግማሹ ጠመዝማዛ ከሆነ ተቀባዩ ቃሉን ሲፈልግ ላያገኘው ይችላል። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጨርሱ።

የራሴ ፎንት ከኢንተርኔት ላይ በራሱ እንዲጫን ማድረግ አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚያዩት። የአፕል ሜይል በማክም በአይፎንም ይቀበለዋል። ጂሜይል አይቀበልም። ዊንዶውስ ላይ ያለው የቆየው አውትሉክም አይቀበልም፤ እንዲያውም ከ2007 እትሙ ጀምሮ ኢሜይል የሚያሳየው በወርድ አሠራር ስለሆነ የማያውቀው የኢንተርኔት ፎንት ፊት ለፊት ሲመጣበት የቀረውን ዝርዝር ትቶ ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ሊሄድ ይችላል። ተቀባዮቻችሁ ጂሜይል በስልክ የሚከፍቱ ከሆነ ድካሙ ዋጋ የለውም።

ጽሑፉን ምስል አድርጌ ብልከውስ? እንደዚያ ከሆነ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ስለምደነግጥ በግልጽ ልናገር። አታድርጉት።

አንድ የማውቀው ሰው የቡና መሰብሰቢያ ማስታወቂያ፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምሮ፣ አንድ ትልቅ ምስል አድርጎ ላከ። ከተቀባዮቹ አንዳንዶቹ ኢሜይሉን የከፈቱት ምስል በራሱ በማይጫንበት ፕሮግራም ነበር። ያዩት ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ሌሎቹ ኔትወርክ ደከም ስላለባቸው ምስሉ ግማሹ ላይ ቆመ። ቀኑ የነበረው ታችኛው ግማሽ ላይ ነው። ሰዎች ቀጠሮው አመለጣቸው።

ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ አይፈለግም፣ ኮፒ አይደረግም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚጠቀምበት ንባብ ፕሮግራምም አያነበውም። ሎጎውን ምስል አድርጉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር ሁልጊዜ በፊደል ይጻፉ።

የፊደሉ መጠን ስንት ይሁን? ማድመቅና ማዝመምስ?

ለስልክ ከ16 ፒክስል አትውረዱ። ላቲን በ13 እና በ14 ይነበብ ይሆናል፣ የእኛ ፊደል ግን ጭረቱ ብዙ ነው። «ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። ያቺ ከ«ሰ» አናት ላይ የምትቀመጥ ጭረት ፊደሉ ሲያንስና ሲደምቅ ከታችኛው መስመር ጋር ትጣበቃለች። «ቡናውን ሰጠ» ከ«ቡናውን ሸጠ» ጋር ተምታታ ማለት የሰው ገንዘብ ተምታታ ማለት ነው። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» ላይም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ማድመቅን ለርዕስና ለአንድ ሁለት ቃል ብቻ ተጠቀሙ። ሙሉ አንቀጽ አታድምቁ። ማዝመምን ጨርሶ ተዉት። ፊደላችን የዘመመ ቅርጽ ልማድ የለውም፤ ፎንቱም ብዙ ጊዜ ስለሌለው ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያንጋድደዋል። አጽንዖት ከፈለጋችሁ ትምህርተ ጥቅስ አለ።

በመስመሮች መካከል ደግሞ ቦታ ስጡ፤ የፊደሉን 1.5 እጥፍ ያህል። መስመሩን በትክክለኛ ቁጥር አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ሌላ ፎንት ሲተካ «ቿ» እና «ኟ» ላይ ያሉት ጭረቶች ይቆረጣሉ። ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አድርጋችሁ አትዘርጉት፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል።

ሰብጀክት ላይ ፎንት መምረጥ ይቻላል?

አይቻልም። ተቀባዩ ፕሮግራም ያለውን ይጠቀማል። አጭር አድርጉት፣ ዋናው ቃል መጀመሪያ ይምጣ። የተቀባዩ ሥርዓት በጣም የቆየ መሆኑን ካወቃችሁ ከአማርኛው ጎን አንድ ቃል በላቲን ማከል ጥሩ ነው።

አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ ብተካው ምን ችግር አለው?

የኪቦርዱ ሁለት ነጥብ የላቲን ምልክት ነው። አማርኛው በአንድ ፎንት፣ ነጥቡ በሌላ ፎንት ይወጣና መጠኑም ቁመቱም አይገጥምም። ትክክለኛው «።» የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር አለው፤ የአማርኛ ኪቦርዶች ሁሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ለ«፣» እና ለ«፤»ም እንደዚሁ።

ረጅም የአማርኛ ዜና መጽሔት በኢሜይል እንልካለን። ጂሜይል መጨረሻውን ይቆርጥብናል።

ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነን የኢሜይል ጽሑፍ ቆርጦ «ሙሉውን ይመልከቱ» የሚል ማስፈንጠሪያ ያስቀምጣል። አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሆነ ላቲን ከምትጽፉት ቶሎ ትደርሳላችሁ። ከዚህ የባሰው የኢሜይል ማዘጋጃው እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ሲቀይረው ነው፤ ያኔ አንዷ ፊደል ሰባት ባይት ትሆናለች። ማዘጋጃው ፊደሉን እንዳለ በዩቲኤፍ 8 እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ከወርድ ላይ በቀጥታ ስትለጥፉም ብዙ የማይታይ ኮድ አብሮ ይገባል። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ ወደ ኢሜይሉ ውሰዱት።

ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ቅርጹ ሳይነካ መድረስ አለበት። ምን ላድርግ?

ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አታች አድርጉት። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ይህ በርጩማውን ራሱን የምትልኩበት መንገድ ነው። ጌጠኛውን ፎንትም እዚያ ላይ እንደልባችሁ ተጠቀሙበት። ወርድ ሆኖ እንዲሄድ ከተፈለገ ከኦፕሽን «ሴቭ» ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ እንዲካተት ማድረግ ይቻላል። ኢሜይሉ ላይ ግን የደብዳቤውን ፍሬ ነገር በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፤ አታች የተደረገውን ፋይል ስልኩ ላይ የማይከፍት ሰው ብዙ ነው።

ከመላኬ በፊት እንዴት ልፈትሽ?

መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት። ከዚያ ዋጋው ዝቅ ባለ አንድሮይድ ስልክ ላይ ክፈቱት። ከጎረቤት አይፎን ተዋሱ። መጨረሻ ላይ ማንም ፎንት ያልጫነበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ፈልጉ። የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሃያ ፎንት ስለተጫነ ሁልጊዜ ጥሩ አድርጎ ያሳያችኋል፤ በእሱ አትፍረዱ።

ስትፈትሹ «ሰላም» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። እኔ የምልከው የሙከራ መስመር ውስጥ «ሰጠ፣ ሸጠ፣ ቿ፣ ኟ፣ ሏ» አለበት፣ አንድ የቁቤ ዓረፍተ ነገር ከነሁዳው አለበት፣ «፲፪» እና 12 አለበት፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለበት። ስልኩን ክንድ ያህል አርቃችሁ ያዙና ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። እኔ እናቴን ነው የማስነብባቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ «ሸጠ» ካሉ እልከዋለሁ።